የመፀነሻ ቀናት ምንድን ናቸው?

ሠርጋችን ላይ «በዓመቱ ማሙሽ» ሲባል እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ። ዓመቱ ሞላ። ሁለተኛውም እየተጋመሰ ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሰው አይጠፋፋም። አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ በወጣን ቁጥር አንድ ዘመድ አይጠፋም። ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ሆዴ ላይ ያርፋል። «እስካሁን ምንም?» ምንም። ፔሬዴ በመጣ ቁጥር በር ዘግቼ አለቅሳለሁ። ቀጥሎ ራሴን እመረምራለሁ፤ ከባድ ነገር አንስቼ ይሆን? ብዙ ቆሜ ይሆን?

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር አላውቅም ነበር። ከአንዱ ወር አበባ እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ ልጅ ሊፀነስ የሚችለው በስድስት ቀን ገደማ ውስጥ ብቻ ነው። የመፀነሻ ቀናት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ለምን ስድስት? በአብዛኛው በየወሩ አንድ የሴት እንቁላል ይለቀቃል። ሐኪሞች ኦቩሌሽን ይሉታል። እንቁላሉ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንቁላሉ የሚለቀቅበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ይቆጠራሉ። ከሁሉም ጥሩዎቹ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው። ዘሩ ቀድሞ ደርሶ ቢጠብቅ ይሻላል፤ እንቁላሉ ከወጣ ከአንድ ቀን በኋላ ግን ጊዜው አልፏል።

ቀኑን ማወቁ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። የሰማነው «በ14ኛው ቀን» የሚለውን ነው። 14 ቀን የሚቆጠረው ግን ከሚቀጥለው ወር አበባ ወደኋላ ነው፤ እሱም በግምት። ፔሬድሽ መስከረም 5 ጀመረ እንበል። በየ28 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ ቀጣዩ ጥቅምት 3 ነው። ከዚያ 14 ቀን ወደኋላ ስትቆጥሪ መስከረም 19 ይሆናል። የመፀነሻ ቀናትሽ ከመስከረም 14 እስከ 19 ናቸው ማለት ነው። የእኔ ግን በየ33 ቀኑ ነው የሚመጣው። ቀጣዩ ጥቅምት 8፣ እንቁላሉ መስከረም 24፣ ቀናቱም ከ19 እስከ 24። የአንዷ ሲያበቃ የሌላዋ ይጀምራል። ወራችን 30 ቀን መሆኑ ቆጠራውን ያቀለዋል፤ ጳጉሜን ብቻ እንዳትረሷት።

ቆጠራው ብቻውን አይበቃም። ጭንቀት፣ ሕመም፣ ረጅም መንገድ ሊያዛባው ይችላል። የስልክ አፕም የሚሠራው ይህንኑ ግምት ነው። ሰውነት ግን ምልክት ይሰጣል። ቀኑ ሲቃረብ ከማሕፀን የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል የጠራና የሚለጠጥ ይሆናል። በሽንት የሚታይ የኦቩሌሽን መመርመሪያም አለ። እንቁላሉ ከመለቀቁ አንድ ቀን ወይም አንድ ቀን ተኩል በፊት የሚጨምረውን ሆርሞን ነው የሚያሳየው።

ባለቤቴ በሞያሌ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቀናቱን ስረዳ ያለፉትን ወራት ወደኋላ ሄጄ በካላንደር ላይ አሰላኋቸው። በብዙዎቹ በእነዚያ ስድስት ቀናት ቤት አልነበረም። ስንት ወር በከንቱ እንዳለቀስኩ ያን ቀን ነው የገባኝ። በጾም ተለይተው የሚቆዩ ባልና ሚስትም አሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ አንዳንዴ የሁለት ወር ቀናት አብረው ያልፋሉ። ይህን ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ቀኑ በትክክል ቢገጥምም ወዲያው ይፀነሳል ማለት አይደለም። ጤነኛና ወጣት ጥንዶች እንኳ በአንድ ወር የመፀነስ ዕድላቸው ከ100 ከ20 እስከ 25 ገደማ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ምን ያህል ሸክም ይቀልልኝ ነበር! ባዶውን ያለፈ ወር የማንም ጥፋት አይደለም።

ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክሮ ካልመጣ ሐኪም ማየት ይገባል። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ከ6 ወር በላይ አትጠብቅ። ፔሬዷ የተዛባ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ትሂድ። ሁለታቸውም አብረው ይሂዱ። ካልወለዱ ጥንዶች በግማሽ ገደማው ምክንያቱ በወንዱም በኩል አለ። እኛ ዘንድ ግን ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል የምትንከራተተው ሴቷ ናት። እኔም ለሐዋሳ ገብርኤል ስለት አለብኝ፤ በእምነቴ ነው፣ አልተውም። ግን የእኔ ብቻ ምርመራ ግማሽ መልስ ነው። የወንዱ ምርመራ እኮ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ቆይቶ የዘር ፈሳሽ ናሙና መስጠት ብቻ።

ለባለቤቴ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ሁለት ሳምንት አላነሳውም፣ እኔም አልጨቀጨቅኩትም። ባለፈው ሐሙስ ከያቤሎ ደወለ።

«ቅዳሜ በጠዋት እገባለሁ። ላብራቶሪው ቅዳሜ ይሠራል?»

ይሠራል። ጠይቄ ነበር።