ሂፖካምፐስ የትኛው የአንጎል ክፍል ነው? ስሙስ ከየት መጣ?

በኤምአርአይ ውጤት ላይ «ሂፖካምፐስ» የሚለውን ያነበበ ሰው እጢ ሊመስለው ይችላል። እጢ አይደለም። በቴምፖራል ሎብ፣ ማለትም በጆሮ አቅጣጫ ባለው የአንጎል የጎን ክፍል፣ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተጠቀለለ የአንጎል ቅርፊት ነው፤ አዲስ ትውስታ ለመያዝም የግድ ያስፈልጋል። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ስለሚገኝ ውጤቱ የሚናገረው ስለ የትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ስሙን ያወጣው የቦሎኛው የአናቶሚ ሊቅ ጁሊዮ ቼዛሬ አራንዚ ነው፤ ጽሑፉ በ1587 እ.ኤ.አ. ታትሟል። «ሂፖስ» በግሪክ ፈረስ፣ «ካምፖስ» ደግሞ የባሕር አውሬ ነው። ክፍሉ ተነጥሎ ሲወጣ ጅራቱ የተጠቀለለውን የባሕር ፈረስ በእርግጥም ይመስላል፤ አራንዚ ራሱ ግን ከሐር ትል ጋርም አመሳስሎት ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሌሎች ሊቃውንት የበግ ቀንድ ታያቸውና በግብፁ አምላክ ስም «ኮርኑ አሞኒስ»፣ የአሞን ቀንድ አሉት። ዛሬ ሲኤ1፣ ሲኤ2፣ ሲኤ3 የሚባሉት ክፍሎች ምህጻር ከዚሁ የመጣ ነው። ሲኤ1 የኦክስጅን እጥረትን እምብዛም አይቋቋምም፤ ልባቸው ቆሞ የተረፉ ሰዎች የማስታወስ ችግር የሚገጥማቸው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ውዥንብር ወሰኑ ላይ ነው። አንዳንዶች ሂፖካምፐስ የሚሉት የሲኤ ክፍሎችን ብቻ ነው፤ ሌሎች አጠገባቸው ያሉትን ዴንቴት ጋይረስና ሱቢኩለም የተባሉ ክፍሎችንም ይጨምራሉ። የሁለት ምርመራዎችን የመጠን ልኬት ከማነጻጸር በፊት ሁለቱም በአንድ ወሰን መለካታቸውን ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ያልመነመነው የመነመነ ሊመስል ይችላል።