ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት

እቺን ተረት ስንተርት «ይሻላል» የምትለዋን ብዙ ጊዜ አንጨርሳትም፣ ሰሚው ራሱ በልቡ ይጨርሳታል። ትርጉሟ ቀላል ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድሞ የሚደርስልህ አጥር የሚጋራህ ሰው ነው ለማለት ነው። አንዳንዱ ዘመድን ለማጣጣል የተባለች ይመስለዋል፣ እኔ እንኳን አይመስለኝም፣ ድሮ እኮ ዘመድ ማለት በበቅሎ የሁለት ሶስት ቀን መንገድ ነው፣ ቢወድህም መርዶው እስኪደርሰው ቀብርህ አልቋል።

አዲስ አበባ ላይ ደሞ ተረቷ ይበልጥ ትሰራለች። «ሰፈር» ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ድንኳን ተክሎ ማረፍ። ከተማዋ 1879 ስትቆረቆር መኳንንቱ ቦታ ተመሩ፣ አሽከርና ወታደሩ ዙሪያቸውን ሰፈረ፣ ገበያውም ጣልያን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ እዛው አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ስለነበር ሊሸጥ መጥቶ የቀረው ብዙ ነው፣ እና ሁሉም ዘመዱን አገር ቤት ትቶ የመጣ ሰው ጎረቤት ካልያዘ ማንን ሊይዝ ነው?

እኛ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው ያደግነው። ሐምሌ 1967 በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ የኛም ግቢ የቀበሌ ቤት ሆኖ ተሸንሽኗል፣ አንድ ቧንቧ አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ፣ በጭቃው ግድግዳ የጎረቤት ሳል ሳይቀር ይሰማል። እናቴ ታናሽ እህቴን ልትወልድ ሌሊት ምጥ ሲይዛት ማንንም አልተጣራችም፣ በዘነዘና ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን በትክክል እንኳን ሳይለብሱ ከች አሉ፣ ልጃቸው እስከ ጊዮርጊስ ሮጦ ታክሲ ይዞ መጣ። አጎቴ ከደብረ ብርሃን የደረሰው ገንፎው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው (አይፈረድበትም፣ ስልክ የለው ምን የለው)።

2016 ላይ ሰፈሩ ፈረሰ። እትዬ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ እኛ ገላን ጉራ። እድሩን እስካሁን አላፈረስነውም፣ ቡናው ግን ቀረ፣ በታክሲ ተሳፍሮ ማን ቡና ይጣጣል።

ባለፈው ፋሲካ እትዬ ሶስት ታክሲ ቀያይረው መጡና በራችንን ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። እናቴ ከጓዳ «ማነው?» አለች።

«ዘመድ ነኝ፣ የሩቅ» አሉ።