25 ሰዓት ወይስ 2.5?

በካሊፎርኒያ በጥርስ ንጽህና ባለሙያነት የምትሠሩ፣ ፈቃዳችሁን በየ2 ዓመቱ ስታሳድሱ የ25 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ትጠየቃላችሁ። ግራ የሚያጋባው ቃሉ ነው። ግዛቲቱ “ዩኒት” ስትል አንድ የትምህርት ሰዓት ማለቷ ነው። አንዳንድ ሰርተፍኬት ላይ የሚታተመው “ሲኢዩ” (CEU፣ የተከታታይ ትምህርት መለኪያ) ግን በአሜሪካ በተለመደው ስሌት አንዱ 10 ሰዓት ነው፤ 25 ሰዓት ማለት 2.5 ሲኢዩ ይሆናል። ስለዚህ 0.3 ሲኢዩ የሚል ወረቀት ደርሷችሁ “ታዲያ ምኑን ተማርኩት?” ብላችሁ አትደንግጡ፤ 3 ሰዓት ነው። ለነገሩ ሁለቱን ቃላት እያደባለቁ የሚጽፉ አሠልጣኞችም አይጠፉም፤ ሰዓቱ በግልጽ የሰፈረበትን ሰርተፍኬት ጠይቁ። ከ25ቱ ውስጥ 2 ሰዓት ስለ ኢንፌክሽን ቁጥጥር፣ 2 ሰዓት ደግሞ ስለ ካሊፎርኒያ የጥርስ ሕክምና ሕግ መሆን አለበት። እነዚህን በሌላ ኮርስ መተካት አይቻልም።