በካቴተር የሚሰጥ የጉበት ካንሰር የጨረር ሕክምናና የኮምፒውተር ሲሙሌሽኑ

ራዲዮኤምቦላይዜሽን ጨረር አመንጪ ጥቃቅን እንክብሎችን በካቴተር አማካይነት ወደ ጉበት ደም ቅዳ በመልቀቅ የጉበት ካንሰር የሚታከምበት ዘዴ ነው። ቀጭኑ ቱቦ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ገብቶ በኤክስሬይ እየተመራ ጉበት ይደርሳል። ጤናማው ጉበት ሦስት አራተኛ ያህሉን ደም የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው የፖርታል ደም ሥር ሲሆን፣ ዕጢው ግን በአብዛኛው ከደም ቅዳው ስለሚመገብ እንክብሎቹ ወደ ዕጢው ያደላሉ። ከመስታወት ወይም ከሬዚን የሚሠሩት እነዚህ እንክብሎች ከ20 እስከ 60 ማይክሮሜትር ስፋት አላቸው፤ የያዙት ኢትሪየም-90 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚለቀው የቤታ ጨረርም በሰውነት ውስጥ በአማካይ 2.5፣ ቢበዛ 11 ሚሊሜትር ብቻ ይጓዛል።

እንክብል ግን የሚሄደው ደሙ ወደ ወሰደው ነው። አቅጣጫውን ስቶ ጨጓራ ወይም አንጀት ከገባ ቁስለት፣ ሳንባ ከደረሰ የሳንባ ብግነት ሊያስከትል ይችላል፤ ስለዚህም በአንድ ሕክምና ሳንባ የሚያገኘው ጨረር ከ30 ግሬይ (አካል የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) እንዳይበልጥ ይደረጋል። ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሂደቱን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት፣ ያስፈለገው ይህን አስቀድሞ ለመገመት ነው። ከታካሚው ሲቲ ስካን የደም ቅዳው ቅርንጫፎች በኮምፒውተር ይቀረጻሉ፤ የፈሳሽ እንቅስቃሴ እኩልታዎች ከልብ ምት ጋር እየተፈቱ የእያንዳንዱ እንክብል መንገድ ይሰላል፤ ከዚያም በዘፈቀደ የተወሰዱ ብዙ ናሙናዎችን በሚያሰላው ሞንቴ ካርሎ በተባለው ዘዴ እያንዳንዱ የጉበት ክፍል የሚደርሰው የጨረር መጠን ይገመታል። የካቴተሩ ጫፍ በጥቂት ሚሊሜትር መዛወሩ፣ ወይም እንክብሎቹ የሚለቀቁበት ቅጽበት ከልብ ምቱ አንጻር መለወጡ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ምን ያህል እንደሚደርሰው ሊቀይር ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው ሲቲ ስካን የማያሳያቸው ጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳይ ነው፤ በእነርሱ በኩል የሚያልፈው የደም መጠን በግምት ስለሚሞላ ውጤቱ የግምቱን ያህል ብቻ ይታመናል።

ሕክምናውን ለመስጠት የአንጂዮግራፊ (የደም ሥር ምስል ማንሻ) እና የኑክሌር ሕክምና ክፍል ያስፈልጋል። ኢትሪየም-90 በ64 ሰዓት ገደማ ግማሹ ስለሚከስም የጉዞው ጊዜም ከስሌት ይገባል፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ገደማ ለምትርቀው ደሴ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሲሙሌሽኑ ግን ጨረር አመንጪ ነገር አይጠይቅም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ደሴ፣ ምህንድስናን ደግሞ 25 ኪሎሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ ስለሚያስተምር፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ ተቀምጠው ሊሠሩት የሚገባ የምርምር መስክ ነው። ስም የተሰረዘበት የሲቲ ምስልና እንደ ኦፕንፎም ያለ በነጻ የሚገኝ የፈሳሽ እንቅስቃሴ ማስሊያ ሶፍትዌር ለመነሻ ይበቃሉ፤ ስሌቱ ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው ግን ሕክምናው ከሚሰጥበት ማዕከል በሚገኝ፣ እንክብሎቹ የት እንዳረፉ በሚያሳይ የድኅረ ሕክምና የፔት ስካን ምስል ነው።