ቴሌስኮፕን ከሰማይ ጋር የሚያዞር ሞተር

ሳተርንን በ100 እጥፍ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ አገኛችሁት እንበል። ቀለበቱን አይታችሁ ለጎረቤት ልጅ ቦታ ትለቃላችሁ። ልጁ ጎንበስ ይልና «ምንም የለም እኮ!» ይላል። ልክ ነው፤ ፕላኔቱ ከእይታ ወጥቷል። ምድር በዛቢያዋ ላይ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። በዚህ የተነሳ ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ የሚሄድ ይመስላል። በ100 እጥፍ የሚታየው የሰማይ ቁራጭ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፤ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ማለት ነው። አንድ ኮከብ ይህን ቁራጭ በ2 ደቂቃ ያቋርጠዋል። ማጉያውን 200 ስታደርሱት 1 ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል።

የመከታተያ ሞተር ሥራ ይህን ሽሽት ማቆም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የቴሌስኮፑን መቆሚያ አንድ ዛቢያ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ታደርጉታላችሁ። ከዚያ ምድር ወደ ምሥራቅ በምትዞርበት ፍጥነት ቴሌስኮፑን ወደ ምዕራብ ታዞሩታላችሁ። ፍጥነቱ አይቀያየርም፤ አንድ ሞተር ይበቃል። እንዲህ ያለው መቆሚያ ኢኳቶሪያል ይባላል። ሞተሩ ራሱ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። አስቸጋሪው ያንን ዛቢያ በትክክል ማስቀመጡ ነው፤ በተለይ እኛ አገር።

ከሚወርድ ክብደት እስከ ኤሌክትሪክ

ከኤሌክትሪክ ሞተር በፊት የሰዓት ማሽን ነበር። ጀርመናዊው የሌንስ ባለሙያ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1824 እ.ኤ.አ. ለዶርፓት 24 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ ሠራ። ዶርፓት ዛሬ ኢስቶኒያ ውስጥ ያለችው ታርቱ ናት። ቀስ እያለ የሚወርድ ክብደት ጥርሶችን እያዞረ ቴሌስኮፑን ከኮከቡ ጋር ይወስደዋል። ቪልሄልም ስትሩቨ በዚህ መሣሪያ ከ3,000 በላይ ጥንድ ኮከቦችን መዘገበ። በሁለት ኮከቦች መካከል ያለውን ጥቃቅን ርቀት የሚለካ ሰው፣ ኮከቡ ቆሞ ካልጠበቀው ሥራው አይሄድለትም።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ደግሞ ያለ መከታተያ መሥራት ጨርሶ የማይቻል ሆነ። በ1883 እ.ኤ.አ. አንድሩ ኮመን የሚባል እንግሊዛዊ ለንደን አጠገብ ኢሊንግ ውስጥ የኦሪዮንን ኔቡላ (በኦሪዮን ኮከቦች መካከል የሚታይ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ አነሳ። ኮመን ሙያው የፍሳሽና የንጽሕና ምህንድስና ነው፤ ሰማይ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነበር። በ91 ሴንቲ ሜትር መስታወት ያነሳው ፎቶ፣ በቴሌስኮፕም ቢሆን ዓይን የማያያቸውን ኮከቦች አወጣ። ከ5 ዓመት በኋላ ሌላው አማተር፣ ነጋዴው አይዛክ ሮበርትስ፣ አንድሮሜዳ የሚባለውን ጋላክሲ ጠመዝማዛ ቅርፅ በፎቶ አሳየ። በዚያ ዘመን ማሽኑ ብቻውን አይታመንም ነበር። ተመልካቹ በሌላ ትንሽ ቴሌስኮፕ አንድ ኮከብ ላይ ያፈጣል። ኮከቡ ከመስቀለኛው ክር ፈቀቅ ባለ ቁጥር በእጁ ይመልሰዋል። ይህን የሚያደርገው ብርድ ላይ ቆሞ፣ ለረጅም ሰዓት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ለአማተሮች የሚሸጡ ቴሌስኮፖች ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሞተር ይዘው ብቅ አሉ። ሲንክሮነስ ሞተር ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የመብራቱ ፍሪኩዌንሲ ነው። ከአሜሪካ አሮጌ ቴሌስኮፕ ይዞ ለሚመጣ ዘመድ ይህን ንገሩት። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያ 50። ትራንስፎርመር 220ውን ቮልት ወደ 110 ያወርድላችኋል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ ከሚገባው ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ቀንሶ ይዞራል። መሃል ላይ ያደረጋችሁት ፕላኔት በ6 ደቂቃ ገደማ ከእይታ ይወጣል። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሄዱ ይህ ጣጣ የለባቸውም። መብራት ቢጠፋም ግድ የላቸውም። እንዲያውም ሰፈሩ ሲጨልም ነው ሰማዩ የሚያምረው።

ውስጡ ምን አለ?

ዛቢያው ላይ ትልቅ ጥርሳም ጎማ ይገጠማል። በጎኑ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ አጭር ዘንግ ይነክሰዋል፤ ዎርም ይሉታል። ዎርሙ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው የሚራመደው አንድ ጥርስ ነው። ጎማው 144 ጥርስ ካለው ዎርሙ በ10 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። 180 ከሆነ በ8 ደቂቃ። ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ፍጹም ሆኖ የተቆረጠ ዎርም የለም። ቴሌስኮፑ ለጥቂት ደቂቃ ኮከቡን ትንሽ ይቀድመዋል፣ ከዚያ ትንሽ ይዘገይበታል፤ ዎርሙ አዲስ ዙር ሲጀምር ያው ይደገማል። የሚደገም ስሕተት ስለሆነ የሞተሩ ኮምፒዩተር ተምሮ ሊያርመው ይችላል።

ሌላው ችግር በጥርሶቹ መካከል የሚቀር ክፍተት ነው። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። የቴሌስኮፑን ሚዛን ፍጹም እኩል አታድርጉት፤ የምሥራቁ ጎን ትንሽ ይክበድ። ያኔ ጥርሶቹ ሳይላቀቁ እንደተገፋፉ ይሄዳሉ። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ስቴፐር የሚባለው ነው። አንዱን ዙር በ200 እርምጃ ይከፍለዋል፤ ኤሌክትሮኒክሱ እያንዳንዷን እርምጃ እንደገና ይሸነሽናታል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሃርሞኒክ የሚባለው ማርሽ ከሮቦት ክንድ ወደ ቴሌስኮፕ ተሸጋግሯል። መቆሚያው ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማመዛዘኛ ክብደትም አይፈልግም። የሚመላለስ ስሕተቱ ግን ትልቅ ነው። የሚያርመው ካሜራ ከሌላችሁ ለረጅም ፎቶ አይሆንም።

ሰሜን ኮከብ 9 ዲግሪ ላይ ሲሆን

የፈረንጅ መመሪያዎች ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፦ ዛቢያውን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥሩ። ኮከቡ ከሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ ዙሪያውን ከሚዞርበት ነጥብ፣ የሚርቀው 0.6 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለኒው ዮርክ ወይም ለበርሊን ሰው። ሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በርሊን 52 ዲግሪ ከሆነ፣ መቀሌ 13 ተኩል፣ ባሕር ዳር 11 ተኩል፣ አዲስ አበባ 9፣ ሐዋሳ 7 ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሰሜን በኩል የቆመው እንጦጦ ነው። ተራራው፣ ባሕር ዛፉና የጎረቤት ፎቅ ያልከለለውን አቧራና ጭስ ይከልለዋል። ኮከቡ እንደሆነ ብዙም ደማቅ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ተራራው ላይ ሥራ የጀመረው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖቹን ይዞ፣ ቢያንስ ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛው ጣጣ ብረቱ ነው። ብዙ መቆሚያዎች ከእኛ በጣም ወደ ሰሜን ርቀው ለሚገኙ አገሮች ታስበው የተሠሩ ናቸው። ወደ 9 ዲግሪ ስታወርዷቸው የማስተካከያው ብሎን ያልቅባቸዋል፣ ወይም የማመዛዘኛው ዘንግ ከትሪፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ከመግዛታችሁ በፊት መቆሚያው የሚደርስበት ዝቅተኛ ኬክሮስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ከገዛችሁ በኋላ ካወቃችሁት ደግሞ የትሪፖዱን የደቡብ እግር አስረዝማችሁ መላውን መቆሚያ ወደ ሰሜን ማዘንበል ይቻላል። እንዳይወድቅ ብቻ ተጠንቀቁ።

ሰሜንን ማታ ካላያችሁት በቀን ፈልጉት። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ በእውነተኛው እኩለ ቀን የሰሜንና የደቡብን መስመር ያሳያል። ፀሐይ እዚያ የምትደርሰው ሰዓታችን 6፡00 ሲል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ እንደ ወሩ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው መካከል ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋባችኋል። ኮምፓስ ለግምት ያህል ያገለግላል፤ የሞባይል ኮምፓስ ብረት አጠገብ ሲሆን ግን ይቀባጥራል።

ማታ ላይ ድሪፍት የሚባለው ዘዴ አለ፤ ሰሜን ኮከብን ጨርሶ አይፈልግም። ሞተሩን አስነስታችሁ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ሰማይ ላይ በሚታሰበው መስመር) አጠገብ ያለ፣ የሰሜን ደቡብን መስመር ሊያቋርጥ የደረሰ ኮከብ ተመልከቱ። ኮከቡ ወደ ደቡብ ካዘገመ ዛቢያችሁ ከዋልታው ወደ ምሥራቅ ዞሯል። ወደ ሰሜን ካዘገመ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ ምሥራቅ በኩል ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ያዙ። ወደ ደቡብ ከሄደ ዛቢያው ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ከፍ ብሏል። ጊዜ ይፈጃል፣ ትዕግሥትም ይፈትናል። ግን እኛ ጋ ኮከቡን ማግኘት ቀላል ነው፤ የሰማይ ወገብ ከአናታችን 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ደቡብ ብሎ ነው የሚያልፈው። በታኅሣሥና በጥር ምሽት የኦሪዮን መቀነት ኮከቦች ለዚሁ የተሠሩ ይመስላሉ።

ምን ያህል ትክክል መሆን አለበት? በ1 ዲግሪ ብትሳሳቱ ኮከቡ ቢበዛ በሰዓት ሩብ ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል። በዓይን ለሚያይ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። መሃል የነበረ ሳተርን ለአንድ ሰዓት ያህል እይታ ውስጥ ይቆያል፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰልፎ ሊያየው ይችላል። በፎቶ ግን ያው ስሕተት በ1 ደቂቃ የጁፒተርን ስፋት ሲሶ ያህላል። ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል።

ለረጅም ፎቶ ዛሬ የኮመንን ዘመን አድካሚ ሥራ ካሜራ ወስዶታል። ትንሽ ካሜራ አንድ ኮከብን እያየ፣ ፈቀቅ ሲል ለሞተሩ ትእዛዝ ይልካል። አውቶጋይዲንግ ይባላል። ዛቢያው በደንብ ካልተስተካከለ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አያድናችሁም፤ የሚጠብቀው ኮከብ ቆሞ ሌሎቹ ዙሪያውን ይዞራሉ።

ሁለት ሞተር ያላቸው

ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞረው ተራ መቆሚያ በሁለት ሞተርና በኮምፒዩተር ኮከብ መከተል ይችላል። ሚድ የሚባለው ኩባንያ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤልኤክስ200 ይህን ዓይነቱን በአማተሮች ዘንድ በሰፊው አስለመደ። ዛቢያ ማስተካከል የለም፤ ሁለት ኮከብ ታሳዩታላችሁ፣ የቀረውን ራሱ ያሰላል። ለእኛ ኬክሮስ ስሜት የሚሰጥ ይመስላል። ደካማ ጎኑ ግን በትክክል አናታችን ላይ ነው። አልታየር የምትባለዋ ደማቅ ኮከብ በአዲስ አበባ አናት ላይ ልክ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ታልፋለች፤ በመስከረም 20ዎቹ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ያኔ የጎኑ ሞተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ግማሽ ክብ መዞር አለበት። አብዛኞቹ አይደርሱባትም። በተጨማሪ ምስሉ በራሱ ላይ ስለሚሽከረከር ለረጅም ፎቶ አይመችም።

በሳንቃና በብሎን

ቴሌስኮፕ ሳይኖራችሁ በተራ ካሜራ ሰማይን ማንሳት ከፈለጋችሁ፣ ከዕቃ መደብር በሚገዛ ነገር የሚሠራ መከታተያ አለ። ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ሄግ በ1975 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ሁለት ሳንቃ በበር ማጠፊያ ይያያዛሉ። ከማጠፊያው 228.5 ሚሊ ሜትር ርቆ የታችኛው ሳንቃ ላይ ዳዶ ይቀበራል፤ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ጥርሱ 1 ሚሊ ሜትር የሚራራቀው፣ በዚያ ያልፋል። ብሎኑን በደቂቃ አንድ ዙር ካዞራችሁት የላይኛው ሳንቃ በሰማዩ ፍጥነት ይከፈታል። በእጅም ይሆናል፣ ሰዓት እያዩ። በደቂቃ አንዴ የሚዞር ትንሽ ሞተር ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ማጠፊያው ወደ ሰሜን ዋልታ ማመልከት አለበት፤ እኛ ጋ ጋደም ብሎ ይተኛል ማለት ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለ መከታተያ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲከፈት ኮከቦቹ ይጎተታሉ። በዚህ ሳንቃ ላይ ግን ደቂቃዎች ይታገሣል። ብሎኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ከቆየ ፍጥነቱ ይዛነፋል፤ እስከ 10 ደቂቃ አያሳስብም።

ለዓይን ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ በአንድ ዛቢያ የሚሠራ በባትሪ የሚሄድ ሞተር ይበቃዋል። የተረፈውን ገንዘብ ጠንካራ ትሪፖድ ላይ ያውለው። ሞተሩ ላይ የጨረቃ ምልክት ያለበት ቁልፍ ካለ እሱን መርሳት አይገባም። ጨረቃ በከዋክብቱ መካከል በቀን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትሄድ፣ በኮከብ ፍጥነት የተተወ ሞተር በአንድ ሰዓት ውስጥ ስፋቷን ያህል ይቀድማታል።