ዋን ሾት ምንድን ነው?

ዋን ሾት አንዴ ቁጭ እንደተባለ ተጀምሮ የሚያልቅ የሚና ጨዋታ ነው። በሚና ጨዋታ አጫዋቹ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለውን ዳይስ፣ ማለትም ተጥሎ ቁጥር የሚያወጣው ዕቃ፣ ይወስናል። ከእነዚህ ጨዋታዎች ስመ ጥሩ ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሲሆን፣ በፈረንጆች 1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ቤት ውስጥ ሲጫወቱት አንድ ታሪክ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሕዝብ በሚበዛበት አዳራሽ ግን ይህ አይሆንም። በፈረንጆች 1968 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በትንሹ የተጀመረው ጄን ኮን የተባለ የጨዋታ ጉባኤ ዛሬ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰበስባል። እዚያ ለአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ የሚመደበው 4 ሰዓት ያህል ነው። ተጫዋቾቹ አይተዋወቁም፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ጩኸትም አያስደምጥም።

እስቲ እንዲህ ባለ ግርግር የሚጫወቱትን ዋን ሾት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ እሑድ ከሰዓት እናስበው። ሙዚቃ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ሰው ይመጣል ይሄዳል። እኔ ብሆን የምመርጠው ታሪክ ከዘጌ ቡና ጭና ወደ ባሕር ዳር ገበያ የምትቀዘፍ ታንኳ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ገና ሳይጀመር ብዙ ደቂቃ ተረፈ ማለት ነው።

ገጸ ባሕርያቱ ቀድመው ተዘጋጅተው በካርድ ላይ በትልልቅ ፊደል ይጻፉ። ስም፣ የሚችለው ነገር፣ የሚፈልገው ነገር፣ በቃ። ፍላጎቶቹ ግን ይነካኩ። ቀዛፊው ለቡናው ባለቤት ዕዳ አለበት እንበል።

ትልቁ ሥራ ጆሮ ያልሰማውን ዓይን እንዲያየው ማድረግ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ጠረጴዛው መሐል አንድ ሳህን እናስቀምጥ። ተራው በዞረ ቁጥር አንድ ጠጠር ይገባል። አንድ ጆንያ ቡና ወደ ሐይቁ ከተጣለ ሁለት ጠጠር ይወጣል። ሳህኑ ሲሞላ ታንኳዋ ትሰጥማለች። በቃ፣ ሰዓቱም ሕጉም ይኸው ነው። አጫዋቹ መጮኽ አይጠበቅበትም። የማን ጆንያ ይጣል የሚለው ክርክር ጨዋታውን ይሸከመዋል። ጊዜ ካጠረ ከሕጉ ይቀነስ እንጂ ይህ ክርክር አይነካ።

ስልክ ተደውሎለት የሚሄድም አይጠፋም። ታሪኩ በአንድ ሰው ላይ ከተንጠለጠለ ያኔ ይበላሻል። የሄደው ሰው ካርድ ለሌላው ይሰጥ።

ቆመው የሚያዩትን መርሳት ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል። ገበጣ ሲጫወቱ ከጎን የሚመክር እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለዚያ ሰው የነፋሱን ዳይስ እንስጠው። ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ እሱ ይጣል። ወንበር ሲለቀቅ ሕጉን የሚነግረው አያስፈልገውም፤ ካርዱን አንስቶ ይቀጥላል።