«ሆሜርን አበላሸችው» ለምትሉ

የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ ሆሜር ኦዲሲ በተባለው ግጥሙ ያነሳትን ጠንቋይ ታሪክ እንደ አዲስ የሚተርከውን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማደሊን ሚለርን ልቦለድ «ኪርኬ» ባነሳሁ ቁጥር የሚቆጣ አይጠፋም። ባለፈው በንባብ ክበባችን አንዱ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጎ «ይቺ ሴትዮ ሆሜርን አበላሸችው!» አለ። «ኦዲሲን አንብበሃል?» ስለው፣ ፊልም አይቻለሁ አለኝ። እሺ።

ትናንሾቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ልጨርስ።

«የትሮይ ፈረስ ኢሊያድ ውስጥ ነው ያለው።» የለም። ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከው ይህ የሆሜር ግጥም፣ ግሪኮች ተደብቀውበት ከተማዋ የገቡበት የእንጨት ፈረስ ሳይመጣ፣ በትሮዩ ጀግና በሄክቶር ቀብር ያልቃል። የግሪኩ ጀግና አኪለስ ተረከዙ ብቻ ይጎዳ ነበር የሚለው ታሪክም እዚያ የለም።

«ታሪኩ የተዘጋጀ ስለሆነ መጻፉ ቀላል ነው።» ሚለር የመጀመሪያ ልቦለዷን ለመጨረስ 10 ዓመት ፈጅቶባታል። ያውም ላቲንና ግሪክኛ አስተማሪ ሆና።

«ሆሜር ያነሳት ኢትዮጵያ የዛሬዋ ናት።» የሱ ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳርቻ፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት የሚኖሩ፣ የባሕር አምላኩ ፖሲዶን ለድግስ የሚሄድባቸው ሰዎች ናቸው። ደስ ይላል፤ ካርታ ግን አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «ዋናው ታሪክ አንድ ነው፣ የዛሬ ደራሲዎች ናቸው የሚያጣምሙት» የሚለው።

ያ ሰውዬ ከሁሉ በላይ የተናደደው በመጨረሻው ነው። (ላላነበባችሁ ይቅርታ።) ኪርኬ ከኦዲሲ ጀግና ከኦዲሴዎስ ቴሌጎኖስን ትወልዳለች። ልጁ አድጎ አባቱን ፍለጋ ይሄዳል፤ አባትየው በልጁ ጦር ይሞታል። በኋላ ኪርኬና ሌላኛው የኦዲሴዎስ ልጅ ቴሌማኮስ ይዋደዳሉ። «የቱርክ ድራማ አደረገችው» አለ።

ወንድሜ፣ ይሄ የሚለር አይደለም! ቴሌጎኒ የሚባል ጥንታዊ የግሪክ ግጥም ነበር። ግጥሙ ጠፍቷል፣ ማጠቃለያው ግን ደርሶናል፤ ይሄ ሁሉ እዚያ አለ። እንዲያውም እዚያ ቴሌጎኖስ የገደለውን የአባቱን ሚስት ፔኔሎፔን ያገባል። ሚለር ይህን ትታዋለች። አለሳለሰችው እንጂ!

የሷ ፈጠራ ሌላ ቦታ ነው። በግጥሙ ኪርኬ እነ ፔኔሎፔን የማይሞቱ ታደርጋቸዋለች። በልቦለዱ ደግሞ ራሷ ሟች መሆንን ትመርጣለች። መከራከር ካማረህ እዚህ ላይ ተከራከር።

ግሪኮቹ ራሳቸውስ? ተውኔት ጸሐፊው ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ባሳየው ተውኔት፣ የትሮይ ጦርነት የተነሳባት ሄለን ትሮይን አልረገጠችም። ግብፅ ነበረች፤ ያ ሁሉ ጦር የተፋጀው ለአምሳያዋ ነው። አያቴም የጦጣዋን ተረት በነገረችን ቁጥር መጨረሻውን ትቀይረው ነበር። አበላሸሽው ያላት የለም።

ሆሜርን ሳታነቡ ልቦለዱን መጀመር ትችላላችሁ፣ ችግር የለውም። ከፈለጋችሁ ግን ከኦዲሲ 24 መጻሕፍት 10ኛውን ብቻ አንብቡ። ኪርኬ አይብ፣ የገብስ ዱቄትና ማር በወይን ለውሳ፣ መድኃኒት ጨምራ ለኦዲሴዎስ ጓዶች ታቀርባለች። በበትሯ መታ ስታደርጋቸው ሰዎቹ አሳማ ይሆናሉ። ልባቸው ግን የሰው እንደሆነ ነው፤ ጋጣ ውስጥ ሆነው ያለቅሳሉ። ለምን እንዳደረገችው ሆሜር አይነግረንም። ሚለር የገባችው በዚህ ክፍተት ነው።

ለሰውዬው 10ኛው ላይ ወረቀት አጥፌ የራሴን ኦዲሲ አዋስኩት። እስካሁን አልመለሰም።